የአፈር ኩበት

አባቴ የሉበርስፌን ቦይ በር ጠባቂ ነበር፤
ከጓሮ የኦክ ግንድ ተክሎ፣ ሥሩን እስከ አሸዋው ድንበር፣
በያመቱ፣ ድንች ተነቅሎ ሲያበቃ፣
በቢላ ይጭረዋል፤ «አምና እዚህ ነበርን» ይላል፤ በቃ።
በተወለድኩ ዓመት የተጫረው ጭረት
ያኔ ከሳሩ እኩል ነበር፣
ዛሬ ወገቤን ያልፋል።
እኔ አላጠርኩም። መሬቱ ነው የወረደው።

ሰው ሳይመጣ ውሃ ነበር፤
በውሃው ላይ የድንጋይ ሽበት፣ ድንጋይ በሌለበት አገር፤
ሽበት በሽበት ላይ ተኝቶ፣ ሳይበሰብስ እየሞተ፣
በዓመት የጥፍር ውፍረት ያህል ዘመን በዘመን እየከተተ፣
አራት ሺህ ክረምት ጠጥቶ
ዝም ያለ።

ከዚያ ሉበርት መጣ፣ ከነአካፋው፤
ሚስቱ ሀርምቲን፣ አንዲት ፍየል፣ እንቅልፍ የነሳቸው ዕዳ።
መጀመሪያ ቦይ ቆፈሩ፤ ውሃው ወጣ እንደ እንግዳ፣
ስንብት ሳይል፣ በሌሊት።
ከዚያው ከጭቃው ጎጆ ቀለሱ፤ ጣራው ሳር አበቀለ፣
ፍየሏ ጣራ ላይ ጋጠች፣ ሕፃኑ ከሥሯ አለቀሰ፤
ፈረሱም የእንጨት ጫማ አጠለቀ፣ እንዳይሰምጥ።

አንድ አካፋ፣ መቶ ዓመት።
እንደ ዳቦ ቆርሰው፣ እንደ ጡብ ደርድረው፣
ልጆች ሲገለብጡት፣ ጣታቸው በውርጭ ተሰንጥቆ፣
ነፋስ ሲያደርቀው፣ ኩበት፤
ላም ያልጣለችው፣ እጅ ያልጠፈጠፈው፣
የአፈር ኩበት።

ጀልባው መሬታችንን ጭኖ ወረደ ወደ ከተማ፤
በምድጃቸው ነደድን፣ ሽታችን በጎዳናቸው ተሰማ።
ባዶውን እንዳይመለስ ደግሞ
የከተማውን ሰገራ ጭኖ መጣ፤
በተገፈፈው አሸዋ ላይ በተንነው፣ ድንች ወጣ።
እስከ ዛሬ ስቆፍር
የተሰበረ ሰሃን፣ የፒፓ አንገት፣
አንዴም የሸክላ አሻንጉሊት ራስ፣ ዓይኗ ያልጠፋ፣
አፈር አፏን ሞልቶት።
የማን ልጅ አልቅሳላት ይሆን፣
የትኛው ፎቅ ላይ፣ በኛ እሳት ዳር?

ጌታው ሱቅ ነበረው። ደሞዙ ቆርቆሮ ሳንቲም፣
ከሱ ሱቅ በቀር የትም የማይሠራ፤
ዱቄቱ አሸዋ አለበት፣ ቅቤው ሻማ ሻማ ይላል።
በአንድ ሚያዝያ አካፋ ተጣለ።
ሀርምቲን፣ ያኔ ወገቧ የጎበጠ፣ ወደ ሱቁ ገባች፣
እርጥቡን ጓል ከሚዛኑ ላይ ዱብ አደረገች፦
«ጀርባዬ የሚሸከመው ይሄን ነው፤
አንተ የምትከፍለኝ ግን የደረቀውን።»
ወታደር በጀልባ መጣ።
ግማሽ ሳንቲም ተጨመረ። ሦስት ሰው ታሰረ።
ይኸው ነው ታሪካችን፤ ሐውልት የለውም፣
ቢኖረውም ይሰምጥ ነበር።

አባቴ ሊሞት ሲል፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣
«እኛ አፈር ሳንሆን፣ አፈሩ አመድ ሆነ» አለ።
ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ምሥራቅ አዘንብሏል፤
የጎረቤቴ የፍሬርክ በር
በየጊዜው ደረጃ ይጨመርለታል፣ ባለፈው አራተኛው።
አሁን መሐንዲሶች መጥተው ቦዩን ድፈኑት ይላሉ፣
ውሃው ይመለስ፣ ሽበቱ ይብቀል፤
ፍሬርክ ድንቹን እያየ ይሳደባል።
ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔ ያለኝ ጭረት ብቻ ነው።

ባለፈው ጣራ ሥር ሳጸዳ አንድ ኩበት አገኘሁ፤
የሉበርት አካፋ ጠርዝ፣ ካንዱ ጥግ የአውራ ጣት አሻራ፤
እንደ ከረመ ዳቦ የቀለለ።
ላነድደው ክብሪት ጫርኩ፤ እጄ እምቢ አለ።
ወስጄ ቦዩ ውስጥ ጣልኩት፣ «ግባ ወደ ቤትህ» ብዬ።
አልሰመጠም።
ዞር አለ፣ ተንሳፈፈ፣ በለመደው መንገድ
ወደ ከተማ።

በሩን ከፈትኩለት።